ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ሲኖር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ታናሽ ወንድሜ ከታመመ 16 ዓመት ሆነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ አብሬው የምኖር እህቱ ነኝ። ሰው ነገሩን ሲሰማ መጀመሪያ ዝም ይላል። ቆየት ብሎ ወደ ጎን ይወስደኝና በለሆሳስ ይጠይቀኛል። ጥያቄዎቹ ከዓመት ዓመት ያው ናቸው፤ ስለዚህ አንድ ላይ ጻፍኳቸው። የመድኃኒት መጠን ሐኪማችሁን ጠይቁ። እኔ የማውቀው ቤቱን ነው።

ስኪዞፍሬኒያ ምንድን ነው? አንድ ሰው ሁለት ሰው መሆን ነው እንዴ?

አይደለም። ይሄን ወሬ ማን እንዳመጣው አላውቅም። ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ሰው ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል። ይከታተሉኛል፣ ሊመርዙኝ ነው ብሎ ይጠረጥራል። ንግግሩ መያዣ መጨበጫ ያጣል። ይሄ ለማንም የሚታየው ነው። ቤተሰብ በሽታ መሆኑን የማያውቀው ሌላው ወገን ነው፦ ዝምታው፣ ከአልጋ አለመነሳቱ፣ ገላ አለመታጠቡ፣ ፊቱ ላይ ደስታም ሐዘንም አለመታየቱ። እኛ ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ “ተነስ አንተ ሰነፍ” ስንለው ኖረናል።

ብዙ ጊዜ በወጣትነት ይጀምራል። ወንዶች ላይ 20 ዓመት ግድም፣ ሴቶች ላይ ትንሽ ዘግየት ይላል። ወንድሜ ሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ 24 ሚሊዮን ያህል ሰው ይሄ ሕመም አለበት ይላል፤ ከ300 ሰው አንድ ማለት ነው። እስቲ የእድራችሁን አባላት ከነቤተሰባቸው ቁጠሩ።

ላገባት ያሰብኳት ልጅ ወንድም ታማሚ ነው። በዘር ይተላለፋል?

እኔንም አንድ ሰው ሽማግሌ ከመላኩ በፊት በጎረቤት በኩል አስጠይቆብኝ ነበር። ሽማግሌዎቹ አልመጡም። (አሁን ሳስበው ሳልተርፍ አልቀረሁም።)

ዘር የራሱ ድርሻ አለው። አንድ ሰው በዕድሜ ዘመኑ በዚህ ሕመም የመያዝ ዕድሉ ከመቶ አንድ ገደማ ነው። ወላጁ ወይም ወንድሙ የታመመ ሰው ዕድሉ ከመቶ ወደ አሥር ከፍ ይላል። ገልብጣችሁ ስትቆጥሩት ከመቶው ዘጠናው አይታመሙም። የምትወልዱት ልጅ ደግሞ ለታማሚው የእህት ልጅ ነው፤ የእሱ ዕድል ከዚያም ያንሳል። በዚህ ምክንያት ልጅቷን የሚተው ሰው ስኳርና ደም ግፊትንም እንዲሁ ማስጠየቅ አለበት። እነዚያም በዘር ይመጣሉ።

ጠበል ይሻላል ወይስ ሐኪም ቤት?

“ወይስ” የምትለው ቃል ናት ቤተሰብ የምታፈርሰው። እኛም በዚህ ሦስት ዓመት ተጣልተናል። እማዬ እንጦጦ ማርያም ወስዳዋለች፣ ሸንኮራ ዮሐንስ ወስዳዋለች። እኔ በበኩሌ “አማኑኤል ካልሄደ” ብዬ በር እየዘጋሁ አልቅሻለሁ። ለነገሩ “አማኑኤል” የሚለው ስም ራሱ በከተማችን ስድብ ሆኗል። “አማኑኤል ሊገባ ነው” ሲባል ማን ደፍሮ ልጁን ይወስዳል?

ያስታረቁን የንስሐ አባታችን ናቸው። መጽሐፈ ሲራክን ምዕራፍ 38 ገልጠው አነበቡልን። ሐኪምን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፣ መድኃኒትንም ከምድር አስገኘ ይላል። እማዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ክኒኑን በጸሎት ነው የምትሰጠው። ሙስሊም ጎረቤታችን ደግሞ ሐዲሱን ጠቅሰው “አላህ መድኃኒቱን ሳያወርድለት ያወረደው በሽታ የለም” ይሉናል።

ጠበል የምትሄዱ ከሆነ አንድ ነገር አደራ። ክኒኑን ይዛችሁ ሂዱ፤ “ከጠበሉ ጋር አይሄድም” የሚል ሰው ሲመጣ አትስሙት። ድንገት የተቋረጠ መድኃኒት በሽታውን መልሶ ያመጣል። የሚያገረሸው ግን በማግስቱ አይደለም፤ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ነው። ለዚህ ነው ሰው ምክንያቱን ከውጤቱ ጋር የማያገናኘው። ክሎርፕሮማዚን የሚወስድ ሰው ደግሞ ከተቀመጠበት ድንገት ሲነሳ ያዞረዋል፣ ፀሐይም ቆዳውን ቶሎ ይጎዳዋል። ጾሞ፣ በብርድ ተጠምቆ፣ ፀሐይ ላይ ቢቆም ሊወድቅ ይችላል። ለታመመ ሰው ጾሙ እንደሚቀልለት አባቶችን ጠይቁ፤ ይነግሯችኋል። እኛ ሐኪሙን አስፈቅደን ክኒኑን ወደ ማታ አዛወርነው። ረመዳን ላይም እንዲሁ ይደረጋል።

ሐኪም ቤት ማለትም አማኑኤል ብቻ አይደለም። በአጠቃላይ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች ተከፍተዋል። የጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖችም እየሠለጠኑበት ነው። መጀመሪያ ሰፈራችሁ ያለውን ጠይቁ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቡታጅራ አካባቢ ከ68 ሺህ በላይ ሰው ቤት ለቤት ተጠይቆ ነበር። ስኪዞፍሬኒያ ከተገኘባቸው አብዛኞቹ የዘመናዊ ሕክምና ደጅ ረግጠው አያውቁም ነበር።

መድኃኒት ሲጀምር አንገቱ ተጣመመ። የባሰ ነገር ገባበት?

ምነው ይሄን የሚነግረን ሰው ያኔ በነበረ! ወንድሜ ሃሎፔሪዶል በጀመረ በሦስተኛው ቀን አንገቱ ወደ ኋላ ተጠመዘዘ። ዓይኑ ወደ ጣራ ተሰቀለ፣ መንጋጋው ተቆለፈ። እማዬ “እየለቀቀው ነው!” ብላ እልል አለች። ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ጠበል ተረጨ፣ መስቀል መጣ። ልጁ ግን መናገር አቅቶት እንባው ብቻ ይወርዳል። ከጎረቤቶቹ አንዷ ነርስ ነበረች። ገብታ አየችውና “ምን መድኃኒት ጀመረ?” አለች። በኮንትራት ታክሲ አጣድፈን ወሰድነው። አንድ መርፌ ተወጋ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንገቱ ተመለሰ።

ይሄ የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ነው። በተለይ ወጣት ወንዶች ላይ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከሰታል። ማርከሻው የታወቀ ነው። ብዙ ቦታ አርቴን የሚባለውን ትራይሄክሲፌኒዲል አብረው ያዛሉ። መድኃኒቱን የጻፈልን ሰው ይሄን በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢነግረን ኖሮ ያ ሁሉ አይደርስም ነበር። ከዚያ በኋላ ወንድሜን ክኒን ለማስዋጥ ስድስት ወር ፈጀብን፤ እሱ ያየው መድኃኒቱ አንገቱን ሲጠመዝዘው ነዋ።

ሌሎችም አሉ። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ለሃጭ ይበዛል፣ እግር አላስቀምጥ ይላል፣ እንቅልፍ ይጫናል። እንደ ኦላንዛፒን ያሉት ደግሞ ያወፍራሉ። “ያደነዘዘው መድኃኒቱ ነው” ብላችሁ አታቁሙ። ተመልሳችሁ ንገሩ፤ መጠኑ ይቀነሳል ወይም ይቀየራል። ሱስ ግን አያስይዝም።

አሁን ተሽሎታል። ለምን አያቆምም?

የተሻለው እየወሰደ ስለሆነ ነው። ከመጀመሪያው ሕመም በኋላ እንኳ ቢያንስ አንድ ሁለት ዓመት ይቀጥላል፤ የተመላለሰበት ሰው ከዚያም በላይ። ማቆም ካለበት ከሐኪም ጋር ሆኖ ቀስ በቀስ ነው።

አልወስድም ካለስ? ወጥ ውስጥ ደብቀን ብንሰጠውስ?

ደብቀን ሰጥተናል። አንድ ቀን ሽሮው ውስጥ ያልሟሟ ክኒን አገኘ። ድሮም “ልትመርዙኝ ነው” የሚል ሰው ነው፤ እውነቱን አረጋገጥንለት። ለአራት ወር ከቤት ምግብ አልበላም። ሱቅ እየሄደ የታሸገ ብስኩት ይገዛ ነበር። አታድርጉት።

ለኛ የሠራው መርፌው ነው። በተለምዶ ሞዲኬት የሚባለው የፍሉፌናዚን መርፌ እንደ ሐኪሙ ትእዛዝ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይቆያል። በየቀኑ “ዋጥክ? አፍህን ክፈት እስቲ” የሚባል ጭቅጭቅ ቀረ። በወር አንድ ቀን አብረን እንሄዳለን። ስንመለስ ማኪያቶ እጋብዘዋለሁ። ቀኑን ከኔ በፊት የሚያስታውሰው እሱ ሆኗል፤ ለማኪያቶው ይሁን ለመርፌው አልጠየቅኩትም።

የሌለ ነገር ሲያወራ ምን ልበለው?

አትሟገቱ፣ አዎ ብላችሁም አትስማሙ። ወንድሜ “ጎረቤቷ ቡናዬ ውስጥ የሆነ ነገር ጨምራለች” ሲል በፊት “ምን ሆነሃል? አብደሃል እንዴ?” እለው ነበር። ነገሩ እዚያው ይቀጣጠላል። አሁን “እኔ ስትጨምር አላየሁም። አንተ ግን ፈርተሃል አይደል?” እለዋለሁ። “አዎ” ይላል። ሲኒ እንለዋወጣለን። ሁሌ አይሠራም፤ ብዙ ጊዜ ግን ይሠራል። ፍርሃቱ የምር ነው፤ የማይታየን ያስፈራው ነገር ብቻ ነው። ደግሞ ፊቱ እየተጠቃቀሳችሁ በሹክሹክታ አታውሩ። ጤነኛውም ሰው ይጠረጥራል።

ጭቅጭቅ በሽታውን ያባብሳል?

ያባብሳል። ይሄ የእናቶች ምክር ብቻ አይደለም። ጆርጅ ብራውን የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1950ዎቹ ጀምሮ፣ ከሆስፒታል ወጥተው ቤታቸው የገቡ ሰዎችን ተከታተሉ። ነቀፋና ጥላቻ በበዛበት ቤት የገቡት ቶሎ ቶሎ ተመልሰው ታመሙ። የሚገርመው ሌላው ነው፦ ከልክ ያለፈ መንሰፍሰፍም እንዲሁ አደረገ። ልጁን ለደቂቃ ከዓይኗ የማታርቅ፣ ስለ እሱ የምትተነፍስ እናት ማለት ነው። ይሄን ለእማዬ ስነግራት ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። በሽታውን ግን ቤተሰብ አያመጣውም፤ እሱም መታወቅ አለበት።

እኛ ያደረግነው ቀላል ነው። ስለ ገላ መታጠብ የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ ሆነ፤ እሱም እኔ ነኝ፣ በቀን አንዴ። የቀሩት ዝም ይላሉ።

ጫት ቢቅም፣ አንድ ሁለት ቢራ ቢጠጣ ምን አለበት?

ቢራው ከመድኃኒቱ ጋር ያደነዝዘዋል። ጫቱ ግን የባሰ ነው። ውስጡ ያለው ካቲኖን አንጎልን የሚያነቃቃ ነገር ነው። መድኃኒቱ የሚያረጋጋውን ጫቱ መልሶ ይቀሰቅሰዋል፣ እንቅልፍም ይነሳል። “ከጓደኞቹ ጋር ይጫወትበታል” የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ይጫወትበታል። መጫወቻ ሌላ ነገር ፈልጉለት።

ይማታል? እንዴት አትፈሩትም?

በነዚህ 16 ዓመታት አንድ ጊዜ ገፍትሮኛል። እሱ ግን ተደብድቦ የመጣባቸውን ቀኖች ቆጥሬ አልጨርስም። አብዛኞቹ ታማሚዎች ማንንም አይነኩም። ሲመታና ሲዘረፍ የሚገኘው እነሱ ናቸው።

ጊዜው ሲከፋ ምልክት አለው። የኛ ቤት ምልክት እንቅልፍ ነው። መብራት አብርቶ ሌሊቱን ሲመላለስ ካደረ፣ ሬዲዮኑ ስለ እኔ ያወራል ካለ፣ ቀጠሮ አልጠብቅም። ሦስት ሌሊት ካልተኛ በአራተኛው ጠዋት ሐኪም ቤት ነን። የእናንተ ቤት ምልክት ሌላ ሊሆን ይችላል። ሲረጋጋ ራሱን ጠይቁት፤ ከማንም በላይ ያውቀዋል።

ከረር ካለ ልጆችን ከክፍሉ አውጡ። ቢላና ዘነዘና ከአካባቢው ይራቅ። አንድ ሰው ብቻ፣ በዝግታ ይናገር። በሩን ቆማችሁ አትዝጉበት። ጎረቤቱን ሁሉ አትጥሩ፤ እሱ የሚያከብራቸውን ሁለት ሰዎች ጥሩና ወደ ቅርቡ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ስለ ማሰርም ይጠይቁኛል። ከላይ ሆኜ ልፈርድ አልችልም፤ እኛም ስምንት ወር በር ቆልፈንበታል። መኪና ይገጨዋል ብለን ፈርተን ነበር። ሥራ የምንሄደው ቁልፉን ይዘን ነው። እሳት ቢነሳ ምን ይውጠው እንደነበር አሁን ሳስበው ይዘገንነኛል። ያሰረ ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ መላ የጠፋበት ቤተሰብ ነው። እሱን ከመስደብ ሐኪም ቤት አብሮ መሄድ ይረዳዋል።

“መሞት እፈልጋለሁ” ቢልስ?

በቁም ነገር ውሰዱት። “ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?” ብላችሁ በግልጽ ጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ካለ ያቀልለታል። የአይጥ መርዝ፣ በረኪና፣ የተጠራቀመ ክኒን ከቤት ይውጣ። ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

እህቴ ከአረብ አገር ስትመለስ ተለወጠች። ስኪዞፍሬኒያ ነው?

ላይሆን ይችላል። የሰው ቤት ተቆልፎባት፣ እንቅልፍ አጥታ፣ ደሞዝ ተከልክላ፣ ምናልባትም ተደፍራ የመጣች ልጅ ብዙ ዓይነት ሕመም ሊይዛት ይችላል። ድብርት አለ፣ ከደረሰባት በደል የሚመጣ ድንጋጤ አለ፣ ለአጭር ጊዜ ቆይቶ የሚለቅ መቃወስም አለ። ሕክምናቸው ይለያያል፤ ስም የሚያወጣለት መርማሪው ነው። እስከዚያ “ምን ይዘሽ መጣሽ?” የሚለው ዘመድ ቤት ባይመጣ ጥሩ ነው።

ለልጆቼ ስለ አጎታቸው ምን ልንገራቸው?

እውነቱን፣ አጭር አድርጋችሁ። የኔዋ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች “አጎቴ ከማን ጋር ነው የሚያወራው?” አለችኝ። “ጭንቅላቱ ታሞ ድምፅ ያሰማዋል፤ መድኃኒት ይወስዳል” አልኳት። “እንደ አያቴ ስኳር?” አለች። እንደ አያቴ ስኳር። ሄደች፣ ካርቱኗን ከፈተች።

ሥራ መሥራት ይችላል?

ብዙዎች ይችላሉ። ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ አልተመለሰም። አሁን ጠዋት ጠዋት የአጎታችንን ሱቅ ይከፍታል፤ ሰው ሲበዛ ወደ ጓሮ ይገባል፤ ማንም አይጠይቀውም። የጀመርነው ከቤት ነው፦ ውሃ ሲመጣ ጀሪካን መሙላት የሱ ሥራ ሆነ። ቀላል መስሏችሁ እንዳይሆን፣ በኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው ሌሊት ነው። ያ ሥራ “ቤቱ ያለ እኔ አይሆንም” አሰኘው።

በጉራጌ፣ ሶዶ ወረዳ የተደረገ ጥናት አለ። ከአካባቢው የተመለመሉ ሠራተኞች ሠልጥነው ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን ሰዎች ቤታቸው እየሄዱ አገዙ። መድኃኒት ብቻ ካገኙት ይልቅ መድኃኒትም ይሄ እገዛም ያገኙት የዕለት ኑሯቸውን በተሻለ መምራት ቻሉ።

መብትም አለ። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአእምሮ ጉዳትንም ይጨምራል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች ስምምነት በ2002 አጽድቃለች። ቀጣሪ ፊት ይሄን መጥቀስ ሥራ ያስገኛል ወይ? ብዙ ጊዜ አያስገኝም። አጎት ያስገኛል።

እናታችን ስትሞት ማን ይይዘዋል?

እማዬ ይሄን ጥያቄ 16 ዓመት ሙሉ ሌሊት ሌሊት ስትጠይቅ ኖራለች። ቀን ቀን ግን ማንም አያነሳውም፤ “ሟርት አትጥሪ” ይባላል። አምና በፋሲካ ማግስት ሁላችንም ተሰብስበን አነሳነው። ውጭ አገር ያለው ወንድማችን በስልክ ገባ። ማን አብሮት እንደሚኖር፣ ማን ገንዘብ እንደሚልክ፣ እኔ ብታመም ማን መርፌ እንደሚያስወጋው ተነጋገርን። ወረቀት ላይ ጻፍነው። ስለ ራሱ ስለሆነ እሱም ተቀምጦ ሰማ። “ከታላቅ እህታችን ጋር አልኖርም፣ ትጮኻለች” አለ። ትጮኻለች፣ እውነቱን ነው።

እማዬ ኑዛዜዋን አድርጋለች። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ተጽፎ፣ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ፣ ሁሉም ይፈርሙበታል። ሞግዚት የሚያስፈልግ ከሆነ መንገዱ በፍርድ ቤት ነው፤ ነገር ግን የሰውየውን የመወሰን መብት ስለሚያጠብ ቸኩላችሁ አትግቡበት። ሌላ ያደረግነው ነገር በራሱ ስም እድር ማስገባት ነው። የእድሩ ዳኛ መጀመሪያ ከእማዬ ጋር ይጻፍ ብለው ነበር። አይሆንም አልን። አሁን ወርሃዊውን ራሱ ይከፍላል። ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል ገመድ ይይዛል።

እኔስ? ደክሞኛል ማለት ነውር ነው?

አይደለም። እኔ ቅዳሜ ከሰዓት ከቤት እወጣለሁ፤ ማንም አይደውልልኝም። ለዚህች ሰዓት እህቴን ሦስት ዓመት ለምኛለሁ። አንዳንድ ቀን ባይኖር ብዬ አስቤ አውቃለሁ። ያሰባችሁ ካላችሁ ብቻችሁን አይደላችሁም። እንቅልፍ ካጣችሁ፣ ምግብ ካስጠላችሁ፣ እናንተም ታከሙ።

ልጠይቀው ብመጣ ደስ ይለኛል። ምን ይዤ ልምጣ?

አንድ ዓመት እግሩን ተሰብሮ ነበር። ቤቱ በሰው ሞላ። ብርቱካን፣ ሙዝ፣ ዳቦ፣ ለስላሳ፤ የሚቀመጥበት ጠፋ። “እግዜር ይማርህ” የሚለው ድምፅ ከግቢ ይሰማ ነበር። መጀመሪያ አእምሮውን የታመመ ጊዜ የመጣ ሰው ሁለት ነው፤ አንዷ ነርሷ ናት። እሱም ልዩነቱን አልረሳም፤ “ለእግሬ ነው የሚመጡት” ይላል እየሳቀ።

ስለዚህ ለእግሩ እንደመጣችሁ ሁሉ ኑ። ከሰዓት በኋላ ይሁን፤ ጠዋት ሱቅ ነው። እሱን ራሱን ሰላም በሉት፤ እኔን “እንዴት ነው?” ብላችሁ በሱ ፊት አትጠይቁኝ። ብርቱካን ይወዳል። ለስላሳውን ተዉት፤ መድኃኒቱ ያወፍራል።